የቮልስ ሞተር ሳይወርድ እንዲከርም፦ ራሳችሁ የምትሠሩት ሰርቪስ

«ለቮልሴ ምን ልጨምርበት?»

ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ዘይት ላይ ተጨምሮ ሞተር «ያድሳል» የተባለ ነገር። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ምንም አትጨምሩ። የድሮ ቮልስ ሞተርን የሚገድሉት ሙቀትና አቧራ ናቸው። ሁለቱም በቆርቆሮ መድኃኒት አይለቁም። የሚለቁት በ13 ቁልፍ፣ በንጹሕ ጨርቅና በአንድ ቅዳሜ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከኋላ ሞተር ላላቸው፣ በአየር ለሚቀዘቅዙት 1200፣ 1300፣ 1500 እና 1600 ቮልሶች ነው። ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ድንጋይ ሆኖ ሲያድር ነው። ዘይት የሚቀየረው ደግሞ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ቫልቩን ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ ሥሩ፣ ዘይቱን ከሰዓት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሞተር ዘይት 3 ሊትር። ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ነው፤ የተረፈው ለአየር ፊልትሮው ይሆናል።
- የዘይት ወንፊት ጓርኒሲዮን 2፣ የመዳብ ዋሸር 6
- የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን 2 (የቡሹ ዓይነት)
- ፊለር ጌጅ፣ 0.15 እና 0.40 ሚሊሜትር ቅጠል ያለው
- ቁልፍ 10፣ 13 እና 21፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ አፈ ሰፊ ካቻቢቴ
- ካንዴላ 4፣ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው የእሳት ማቋረጫ) 1
- ቺንጋ 1፣ ያለው ደህና ቢሆንም
- የቤንዚን ጎማ ቱቦ 1 ሜትር ከነማጥበቂያው
- ክሪክ፣ ሁለት የብረት መቆሚያ፣ የጎማ ታኮ
- ሳፋ፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ
- የጥፍር ቀለም። ከእህታችሁ ተዋሱ፤ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።
- የእሳት ማጥፊያ
- ደብተርና እስክሪብቶ

አብዛኛው ሶማሌ ተራ ይገኛል። ጓርኒሲዮንና ፑንቲና ግን ዓይነቱ ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እነዚህን አስልኩ። ሻንጣ ውስጥ ከአንድ ካልሲ በላይ ቦታ አይወስዱም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ክሪክ ማንሻ ነው፣ መቆሚያ አይደለም። የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፤ መኪናውን በብረት መቆሚያ ላይ ሳታሳርፉ ከሥሩ አትግቡ።

የመኪናውን ቁልፍ አውጥታችሁ ኪሳችሁ አድርጉ። ቺንጋ ላይ እጃችሁ እያለ አንድ ልጅ «ላስነሳልህ?» ብሎ ቢገባ ጣት ይሄዳል።

የቮልስ ሞተር ብሎክ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም፤ ይብስበታል። ቤንዚን ቱቦ ስትነኩ ሲጋራ ይቅር፣ የባትሪውም ገመድ ይፈታ።

በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ።

1. ላሜራዎቹን ቁጠሩ

ሁሉም ሰው ይህን ያልፈዋል። እኔ ግን ከዚህ እጀምራለሁ፤ ያስተማረኝ ገንዘቤ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ቮልሴን ለሌላ ሥራ አስገባሁት። ሲመልሱልኝ ከሞተሩ ዙሪያ ሁለት ላሜራ የለም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «አየር እንዲያገኝ ብለን ነው» አሉኝ። ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ሥራው ግን ተቃራኒ ነው።

የቮልስ ሞተር ክፍል በላሜራና በዳር ላስቲክ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ ቀዝቃዛ አየር አለ። ማራገቢያው ያን አየር ይስብና በሲሊንደሮቹ መካከል ወደ ታች ይነፋል። ከታች የሞቀው አየርና የማርሚታው ሙቀት አለ። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ከተከፈተ ማራገቢያው ከማርሚታው የሚነሳውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ ይቀቀላል።

የምታዩት ይህን ነው፦

ሀ) ማታ ላይ የበራ የእጅ ባትሪ ከሞተሩ ሥር አስቀምጡ። የኋላውን ክዳን ከፍታችሁ ከላይ ተመልከቱ። ብርሃን የሚያፈስ ቦታ ሁሉ ትኩስ አየር ያስገባል። በላሜራ ወይም በላስቲክ ድፈኑት።

ለ) ከማራገቢያው ቤት ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ወፍራም ቱቦዎች አሉ። የካቢን ማሞቂያ ናቸው። ብዙ ሰው «እዚህ አገር ማሞቂያ ምን ያደርጋል» ብሎ ያወጣቸዋል። ካወጣችሁ ቀዳዳዎቹን በክዳን ዝጉ። ክፍት ከሆኑ ለሲሊንደር የታሰበው አየር በዚያ ይወጣል።

ሐ) በማራገቢያው ቤት ውስጥ አየር የሚከፍቱና የሚዘጉ ትናንሽ በሮች አሉ። የሚያዛቸው ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታቱ ከሥሩ ከወጣ ወይም ከተበላሸ በሮቹ ክፍት ሆነው መቅረታቸውን በእጃችሁ አረጋግጡ። ተዘግቶ የቀረ በር በአንድ ዳገት ሞተር ይጨርሳል።

መ) መኪናው ሸራ ለብሶ የከረመ ከሆነ የአይጥ ጎጆ ፈልጉ። ስልካችሁን ከሥር አስገብታችሁ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ቪዲዮ ቅረጹ። ጭድና ላስቲክ ቁራጭ ከታየ ማራገቢያው ወርዶ መጠረግ አለበት።

2. ቫልቮቹን አስተካክሉ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ)

ለምን? ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር ተገናኝቶ ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሙቀቱን የሚያወርድበት ያጣና ይቃጠላል። ትንሽ የሚንኳኳ ቫልቭ እንቅልፍ አይንሳችሁ። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው።

ልኩ ለአብዛኞቹ 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ነው። ለማስገቢያውም ለጭስ ማውጫውም ያው ነው። ቆየት ያሉ 1200ዎች የተለየ ልክ ሊኖራቸው ስለሚችል የሞተራችሁን መጽሐፍ እዩ።

ቁጥሩን አትሳቱ። ከመኪናው ኋላ ቆማችሁ ወደ ፊት ስታዩ በቀኝ በኩል ከእናንተ የራቀው 1 ነው፤ ለእናንተ የቀረበው 2 ነው። በግራ በኩል የራቀው 3፣ የቀረበው 4 ነው።

አሠራሩ፦

ሀ) የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሡ። በዲናሞው ዳዶ ላይ 21 ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። የታችኛው ፑሌጃ ምልክት ብሎኩ ከተጋጠመበት መስመር ጋር ይግጠም። በዚያው ጊዜ ሮተሩ ዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ ወደተቆረጠችው ጭረት ማመልከት አለበት። ፑሌጃው ገጥሞ ሮተሩ በተቃራኒው ካየ ያላችሁት 3 ላይ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

ለ) የጥፍር ቀለሙ እዚህ ይመጣል። ከፑሌጃው ምልክት ትክክለኛ ተቃራኒ ላይ አንድ ነጥብ አድርጉ። ግማሽ ዙር በዓይን ገምቶ ከመሳሳት ያድናችኋል።

ሐ) ከሥር ገብታችሁ የቫልቭ ክዳኑን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ግፉት። ክዳኑ ይለቃል። ትንሽ ዘይት ስለሚፈስ ሳፋውን አስቀድሙ።

መ) ከማስተካከላችሁ በፊት ያለውን ክፍተት ለኩና ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ይህቺን አትዝለሉ።

ሠ) በ13 ቁልፍ ዳዶውን አላሉ። ብሎኑን በካቻቢቴ እያዞራችሁ 0.15ቷ ቅጠል ያዝ እያደረገች እንድትንሸራተት አድርጉ። ካቻቢቴውን ሳትለቁ ዳዶውን አጥብቁ። ከዚያ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ልኩ ይሸሻል።

ረ) ፑሌጃውን ከሰዓት ተቃራኒ ግማሽ ዙር መልሱ፤ 2ን ሥሩ። እንደገና ግማሽ፤ 3። እንደገና ግማሽ፤ 4። የሞተሩ የእሳት ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ስታዞሩ 1-2-3-4 ሆኖ ይመጣላችኋል።

ሰ) አሮጌውን የቡሽ ጓርኒሲዮን ጠርጉና አዲሱን ክዳኑ ላይ አስቀምጡ። በማስቲሽ አትለውሱት። ሽቦው ራሱ ያጠብቀዋል።

ደብተሩ ለምን? ላሜራ ወጥቶበት በነዳሁት መኪና የ3 ቁጥር ጭስ ማውጫ ቫልቭ በተከታታይ ሰርቪስ 0.15 ትቼው 0.10 ሆኖ ጠበቀኝ። አስተካከልኩት። በሚቀጥለው 0.05። ሌሎቹ ሰባቱ ባሉበት ናቸው። ቫልቭ በራሱ ጊዜ ክፍተቱን እየዘጋ ከሄደ አንገቱ እየተሳበ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የቫልቩ ጭንቅላት ተበጥሶ ፒስቶኑን መብሳት ነው። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) አስፈትቼ ቫልቩን ሳየው አንገቱ በግልጽ ቀጥኗል። ደብተሩ ባይኖር «ዛሬም ትንሽ ጠቦ ነበር» ብዬ አልፈው ነበር።

3 ቁጥር ለምን ይጎዳል? በቆዩት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በማራገቢያው ቤት ውስጥ በሱ አናት ላይ ነው። ለሱ የሚደርሰው አየር ዘይቱን አቀዝቅዞ ሞቆ ይደርሳል።

3. ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ታይሚንግ

ካንዴላዎቹን ስታወጡ በቅደም ተከተል አሰልፏቸው። ቀለማቸው ይናገራል። የማኪያቶ ቀለም ጤና ነው። ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። ነጭ ሆኖ የፈላ ከመሰለ ሞተሩ በጣም እየሞቀ ወይም ቤንዚን እያነሰው ነው። የአዲሱን ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር አድርጉ።

ቴስታታው አልሙኒየም ነው። ካንዴላውን በቁልፍ አትጀምሩ። አንድ ቁራጭ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ሰክታችሁ በጣታችሁ አዙሩት። ጥርሱ ከተጠማመመ ጎማው ይንሸራተታል፤ ቁልፍ ግን አይንሸራተትም፣ ጥርሱን ይበላዋል።

የፑንቲና ክፍተት 0.40 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለካው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት። ፑንቲና ከተነካ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ይሸሻል። ስለዚህ ታይሚንግ ሁሌም ከፑንቲና በኋላ ነው።

የታይሚንግ ቁጥር እንደ ዓመቱና እንደ ዲስትሪቢዩተሩ ይለያያል። የጎረቤታችሁን ቮልስ ቁጥር አትቅዱ። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ገደብ ግን አለ። ሞተሩ ከ3000 ዙር በላይ ሲጮህ ጠቅላላው ቅድሚያ (እሳቱ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በፊት የሚቀድምበት ልክ) 30 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ከ32 አይለፍ። ቅድሚያ ሲበዛ ቤንዚኑ ፒስቶኑ ሳይደርስ ይፈነዳል። በሌላ መኪና ይህ ሲንቃቃ ይሰማችኋል። ቮልስ ግን ከኋላ ነው፣ ራሱም ጯሂ ነው፤ አትሰሙትም።

ፑሌጃችሁ የዲግሪ ምልክት ከሌለው የወረቀት ቁራጭ በዙሪያው ጠምጥሙና ርዝመቱን ለ12 አካፍሉ። የወጣው ርዝመት 30 ዲግሪ ነው። ከጫፍ ነጥቡ ምልክት (ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ መስመር ጋር ከሚገጥመው) ወደ ቀኝ ለክታችሁ በጥፍር ቀለም አስምሩ። ከዚያ ሞተሩ ሲነሳ በታይሚንግ መብራት ታዩታላችሁ።

4. ቺንጋ

ቮልስ ላይ ቺንጋ ለባትሪ ብቻ አይደለም። ማራገቢያውን የሚያዞረውም እሱ ነው። ቺንጋ ተበጠሰ ማለት ሞተሩ ማቀዝቀዣ አጣ ማለት ነው። የዲናሞው ቀይ መብራት ድንገት ከበራ «ቤት ልድረስ» አይባልም። እዚያው ቁሙ፣ አጥፉት።

በአውራ ጣት ሲጫን 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ከዚያ ከረገበ ይንሸራተታል፤ ከወጠረ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ለማስተካከል የላይኛው ፑሌጃ ውስጠኛ ግማሽ ላይ ያለችው ጭረት ውስጥ ካቻቢቴ አስገቡና የዲናሞው ብሎን ላይ አስደግፉት። ያኔ ፑሌጃው አይዞርም። ዳዶውን በ21 ፍቱ። በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ቀጫጭን ቀለበቶች ታገኛላችሁ። ቺንጋ እንዲጠብቅ ከመካከል አንድ ቀለበት አውጡ፤ እንዲላላ ጨምሩ። ያወጣችሁትን አትጣሉ፤ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር መልሱት። ቀጣዩ ቺንጋ ሊፈልገው ይችላል።

አዲሱን ቺንጋ ከ21 ቁልፍና ከካቻቢቴው ጋር ጠቅልላችሁ ከፊት ክዳን ሥር አስቀምጡ።

5. ዘይት (አሁን ሞተሩን አስነሱ)

አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነድታችሁ ተመለሱ። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል።

ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የወረቀት ዘይት ፊልትሮ የለውም። ያለው ወንፊት ብቻ ነው። ወንፊት ጠጠር ይይዛል፣ አቧራ አይዝም። አቧራውን ማውጫው መንገድ ዘይቱን ማፍሰስ ብቻ ነው። መጽሐፉ 5000 ኪሎ ሜትር ይላል። ኮረኮንችና አቧራ ላይ ለሚውል፣ ወይም ከቤት ሱቅ ለሚመላለስ መኪና እኔ በ2500 እቀይራለሁ።

ከሥር በስድስት ዳዶ የታሰረውን ክብ ሰሐን በ10 ቁልፍ ፍቱ። ወንፊቱን አውርዳችሁ በቤንዚን እጠቡ። ሰሐኑ ላይ የቀረውን ዝቃጭ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉና በጸሐይ እዩት። ግራጫ ጭቃ ከሆነ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ካለ ብሮንዚን (ኮሎው የሚዞርበት ልስልስ ብረት) እየተበላ ነው፤ መካኒክ ጥሩ።

ስትመልሱ ጓርኒሲዮን ከወንፊቱ ላይም ከሥሩም፣ አዲሶቹን የመዳብ ዋሸሮች ከዳዶዎቹ ሥር አድርጉ። ዳዶዎቹን አጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ፣ ተራ በተራ በመስቀል አጥብቁ። ልኩ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። «እንዳያንጠባጥብ» ብዬ በጉልበቴ አጥብቄ የአንዱን ብሎን ጥርስ ከብሎኩ ነቅዬ አውጥቻለሁ። ሁለት ጣት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

የትኛው ዘይት? ለአዲስ አበባና ለደጋ 15W-40 ይበቃል። ሐዋሳም ድሬዳዋም ለሚመላለስ 20W-50 ይሻላል። ከዚያ በላይ የወፈረ አትፈልጉ። ዘይቱ በጣም ሲወፍር ግፊቱ ስለሚበዛ ማቀዝቀዣውን ሳይነካ በአቋራጭ ያልፋል። ሌላው ነገር፣ የዚህ ሞተር ካም ታፔቱን እየፈተገ ነው የሚሠራው። ለዚያ መከላከያ የሚሆነው ዘይቱ ውስጥ ያለው ዚንክና ፎስፈረስ ነው። ለአዳዲስ ቤንዚን መኪኖች የሚሠሩት ቀጫጭን ዘይቶች ይህን ቀንሰዋል። ቆርቆሮው ላይ ሲአይ-4 የሚል የናፍጣ መኪና 15W-40 በቂ አለው። ለቮልስ ቢገባ ነውር የለውም።

መለኪያው ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች ከላይኛው አታሳልፉ። ከሞላ በኋላ ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ልማድ አለ፤ በየሳምንቱ ጠዋት ሊቤሎውን (ያንኑ የዘይት መለኪያ) አውጥታችሁ አሽትቱት። ዘይቱ ሳትጨምሩ ከጨመረ ደስ አይበላችሁ። የቤንዚን ፓምፑ ሽፋን ተቀዶ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባ ይሆናል። ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ።

6. የአየር ፊልትሮ

የቮልስ ፊልትሮ ዘይት ያለበት ድስት ነው። አየሩ በዘይቱ ላይ ሲታጠፍ አቧራው ይወድቃል። ክፈቱት፣ የቆየውን ዝቃጭ ጥረጉ፣ እስከ ቀይዋ መስመር አዲስ ዘይት ሙሉ። ሲያዘነብል ስለሚፈስ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ክረምት ካልሆነና ከአስፋልት ከወጣችሁ በየዘይት ቅያሪው ይሠራል።

በትንሽ የወረቀት ፊልትሮ የተኩት አሉ። ይሠራል፤ ግን ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ይታፈናል። በየትኛውም ቢሆን አንድ ፈተና አለ። ፊልትሮውን አንሥታችሁ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ በጣታችሁ ጥረጉ። ጣታችሁ ቀይ አፈር ይዞ ከወጣ ፊልትሮው እያስገባ ነው፤ አፈሩ ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) እንደ አሸዋ ወረቀት እየሞረደው ነው።

7. ቤንዚንና ከፍታ

መጀመሪያ የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ በየዓመቱ ቀይሩ። ሲያጥፏቸው የሚሰነጠቁ ከሆነ ዛሬውኑ። ካርቡሬተሩ ላይ ቱቦው የሚገባባትን የነሐስ ጫፍ ያዙና ነቅንቋት። ከተነቃነቀች ነዳችሁ አትውጡ። የቮልስ እሳት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይጀምራል።

አሁን ስለ ከፍታ። አዲስ አበባ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ሃምቡርግ ይለካል። ውጤቱ የበዛ ቤንዚን ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ፋሻ ይበላል፣ ዘይት ያቀጥናል።

መፍትሔው ዋናው ጄት ነው፤ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን። በብዙዎቹ ካርቡሬተሮች ከጎን ባለው ክዳን ብሎን በኩል ትወጣለች። በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር አሳንሱት፤ 130 የነበረውን ለምሳሌ 125። ከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ካንዴላውን እዩ። ማኪያቶ ሲሆን አቁሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ጄት አዋሽ ወይም ድሬዳዋ አትውረዱ። ቆላ ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፒስቶን ይቀልጣል። ያወጣችሁትን የመጀመሪያውን ትልቅ ጄት በትንሽ ጠርሙስ መኪናው ውስጥ አስቀምጡና ከመውረዳችሁ በፊት መልሱት። ታይሚንጉንም ደጋ ላይ ጉልበት እንዲያገኝ ብላችሁ አስቀድማችሁት ከሆነ መልሱ።

ማነቂያው (ቾክ) ሞተሩ ሲሞቅ መከፈቱንም እዩ። ተዘግቶ የሚቀር ቾክ ሥራው ከትልቅ ጄት ጋር አንድ ነው።

8. ነድታችሁ ስትወጡ

ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ዙር ነው፤ ከሱም ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት። ሞተሩ ቀስ ሲል ማራገቢያውም ቀስ ይላል። ዓባይ በረሃን ወደ ደጀን ስትወጡ በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ ከሚሄድ በሦስተኛ እየጮኸ ይውጣ። ጩኸቱ አየር ነው። ማቃሰቱ ሙቀት ነው።

ዳገቱን እንደጨረሳችሁ ወዲያው አታጥፉት። ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል። አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አሥር ደቂቃ አቁሞ ማሞቅ ይቅር። ቾኩ እንደተዘጋ ሲሊንደሩን በቤንዚን ማጠብ ነው። ግማሽ ደቂቃ ጠብቃችሁ በቀስታ ተንቀሳቀሱ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

«ኮምፕሬሽኑ ወርዷል፣ ሞተር ይታደስ» መባል። ባሕር ጠለል ላይ 120 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያነብ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 90 ገደማ ነው የሚያነበው። መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያይተው ብዙ ደህና ሞተር አውርደዋል። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ ይለካ። ዋናው አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ብቻ ከወደቀ መጀመሪያ ቫልቩን ተመልከቱ።

ትልቅ የዘይት ጎድጓዳ ከሥር መጨመር። ዘይቱ ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን ወደ መሬት ይወርዳል። በኛ መንገድ አንድ ድንጋይ ይበቃዋል።

የውጭ ዘይት ፊልትሮ በርካሽ ቱቦ መግጠም። ፊልትሮው ጥሩ ሐሳብ ነው። ቱቦው ከፈነዳ ግን 2.5 ሊትሩ ዘይት መብራቱን ሳታዩ መንገድ ላይ ይቀራል። የግፊት ቱቦ ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ።

ያለ ሊድ የሚሸጠው ቤንዚን ቫልቭ መቀመጫ ይበላል ብሎ መጨነቅ። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ መቀመጫው ለብቻው የገባ የብረት ቀለበት ነው። ይችለዋል።

ሞተሩን በውሃ ማጠብ። ክንፎቹ መካከል ዘይትና አቧራ ጭቃ ሆኖ ይደርቃል። በብሩሽና በናፍጣ ጠርጉ፣ አድርቁት።

ለወራት ቆሞ ለከረመ

አታስነሱት። የድሮውን ቤንዚን አፍስሱ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ የአይጥ ጎጆውን ፈልጉ። አራቱን ካንዴላ አውጥታችሁ በየቀዳዳው ጥቂት ጠብታ የሞተር ዘይት ጨምሩ። በ21 ቁልፍ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ከጠነከረ አታስገድዱት፤ አንድ ቀን አሳድሩት።

በእጅ ከዞረ የኮይሉን 15 ቁጥር ገመድ ንቀሉና በሞተሪኖ አዙሩት። ካንዴላ ስለሌለ በቀላሉ ይዞራል። አሥር አሥር ሰከንድ፣ በመካከሉ እረፍት። የምትጠብቁት የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ነው። ያኔ ዘይት ብሮንዚኑ ጋ ደርሷል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ካንዴላውን መልሱ፣ ገመዱን ሰኩ፣ ያኔ ቁልፉን አዙሩ። ከአምስት ስድስት ሙከራ በኋላም መብራቱ ካልጠፋ ካንዴላ አትመልሱ፤ የዘይት ፓምፑ ይታይ።